ስለ ጠፉ የንግድ ቤቶችና ስለ ቅርንጫፎቻቸው ታሪክ

የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊ አጥቶ አያውቅም። የጦር ሜዳውም፣ የገዳሙም፣ የደብሩም ታሪክ በብራና ተጽፎ ለትውልድ ይተላለፋል። ሕዝቡ ዘወትር እየተመላለሰ ጨርቁን፣ ክሩን፣ መርፌውንና ሳሙናውን የሸመተበት ሱቅ ግን በሩ በተዘጋ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሰው አፍ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ምን ለብሶ፣ በምን ብርሃን አምሽቶ፣ ከየትኛው አገር ጋራ ተገናኝቶ እንደ ኖረ ከዙፋን ይልቅ ሱቅ ይነግረናል። ስለዚህ የጠፉ የንግድ ቤቶችን ታሪክ መመርመር የሥራ ፈት ጨዋታ አይምሰለን።

በእንግሊዝ አገር ይህ ምርመራ ብዙ ወዳጆች አሉት። በዚያ አገር ልብሱ፣ የቤት ዕቃው፣ ጣፋጩና የልጆች መጫወቻው በየክፍሉ ተለይቶ በአንድ ጣራ ሥር የሚሸጥባቸው ታላላቅ መደብሮች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ዎልዎርዝ የሚባለው መደብር ከአሜሪካ ተሻግሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ሱቁን በሊቨርፑል ከተማ ከፈተ፤ በየከተማውም ቅርንጫፉን አበዛ፤ በ2009 መጀመሪያ ግን የቀሩትን ሱቆቹን ሁሉ ዘጋ። ደብነምስ የሚባለውም ልደቱን ከ1778 የሚቆጥር ሽማግሌ ቤት ሲሆን በ2021 ሱቆቹ ተዘጉ። የየከተማው ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ቅርንጫፉ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ቁጥር ቤት፣ በየትኛው ዓመት እንደ ተከፈተ፣ መቼ እንደ ሰፋና መቼ እንደ ተዘጋ ከከተማው መዝገብ፣ ከድሮ ፎቶግራፍና ከጋዜጣ ማስታወቂያ እየለቀሙ ይጽፋሉ። መንገዱ ስም፣ ቤቱ ቁጥር፣ ኩባንያውም መዝገብ ስላለው ሥራቸው ይቀናል። ይኸው ጥያቄ ወደ ጎጃም፣ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ቢመጣ መልሱ በምን ይገኛል? የዚህ ጽሑፍ ነገር ይህ ነው።

በአገራችን ለእንዲህ ያለው መደብር የሚቀርበው የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ከሕንድ አገር፣ ከጉጃራት የመጡ ቦህራ የሚባሉ ሙስሊሞች ነበሩ። ሕንድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ግዛት ሥር ስለ ነበረች በውጭ አገር የእንግሊዝ ቆንስል ጥበቃ ነበራቸው። ይህ ቤት በሐረርና በአዲስ አበባ ተተክሎ ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ ከባሕር ማዶ እያስመጣ፣ የአገሩን ምርት ወደ ውጭ እየላከ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት በኢትዮጵያ ከነበሩት አስመጪዎች ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ግን ንግዱ ሁሉ በኢጣልያ ኩባንያዎች እጅ እንዲሆን ፈለጉ፤ በ1929 ዓ.ም. ይህን ቤት ዘግተው ሰዎቹን ከአገር አስወጡ። በዓመታት የተተከለ ዛፍ በአንድ ትእዛዝ ተቈረጠ።

ሁለተኛው የአንቶኒን ቤስ ቤት ነው። ቤስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 የተወለደ ፈረንሳዊ ነበር፤ የንግዱን ራስ ግን በእንግሊዝ ይዞታ በነበረችው በኤደን ወደብ አድርጎ ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ካሉት አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። ከብልጽግናውም በ1948 ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ፤ በዚህም ገንዘብ በ1950 የቅዱስ እንጦንስ ኮሌጅ ቆመ። እርሱ በ1951 ሞተ፤ በኤደን የነበረውን ቤቱንም የዚያ አገር አዲስ መንግሥት በ1969 ወረሰው። እንግዲህ ልብ እናድርግ፤ ከኢትዮጵያ ገበያ የሄደው የቆዳና የቡና ትርፍ ድርሻ ባለበት ገንዘብ በባሕር ማዶ የትምህርት ቤት ግንብ ተሠራ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይጠራል። ቆዳውን ገፎ፣ አድርቆ፣ በበቅሎ ጭኖ ወደ ገበያ ያወረደው ባላገር ግን በማን መዝገብ ተጽፏል?

የጎጃምን ሱቅ ታሪክ የሚሻ ሰው አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ይገባዋል። ዓባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ ይዞታል፤ ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ ወይ ዓባይን ይሻገራል፣ ወይ በሰሜንና በምዕራብ በኩል ዞሮ ይገባል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከጉድሩ በኩል ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ነጋዴ የሚወርድበት ታላቁ ገበያ የየጁቤ አጠገብ የሆነው ባሶ ነበር። ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1830ዎቹ ዓ.ም. በየጁቤ ተቀምጦ የዚያን ገበያ ነገር በዝርዝር ጽፏል። ገንዘቡ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የባሕሩ ዕቃ በብዛት በአዲስ አበባ በኩል መምጣት ጀመረ፤ ከአዲስ አበባ ወዲህ ግን ባቡሩ በቅሎና አህያ ነበረ። ክረምት በገባ ጊዜ ዓባይ ይሞላል፤ ነጋዴ ከመልካው ዳር ተመልሶ የመስከረምን መጥባት ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ በጎጃም ሱቅ የዕቃ ዓመት ይጀምር የነበረው ውኃው ጎድሎ መንገዱ ሲደርቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ቅርንጫፍ የሚለውን ቃል መፍታት ይገባል፤ አንድ ቃል ሦስት ነገር ይሸፍናልና። የመጀመሪያው የቤቱ የራሱ ቅርንጫፍ ነው፤ በዚህ ሹሙም፣ ዕቃውም፣ ኪራዩም የኩባንያው ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም ለዋናው ቤት ይገባል። ሁለተኛው ወኪል ነው፤ ወኪሉ በራሱ ቤት ተቀምጦ ለኩባንያው ይገዛል፣ ይሸጣል፤ ዋጋውንም በመቶ እየተሰላ ይቀበላል። ሦስተኛው ደንበኛ ነጋዴ ነው፤ ይህ ከኩባንያው በዱቤ ተበድሮ፣ በራሱ በቅሎ ጭኖ፣ በራሱ ሱቅ የሚቸረችር፣ ኪሳራ ቢመጣ በራሱ ራስ ላይ የሚመጣበት ነው። ለገዢው ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ገዢ ሱቁን በዕቃው ስም ይጠራልና። ለታሪክ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ኩባንያው ሲባረር የመጀመሪያው ይዘጋል፤ ሁለተኛው ጌታ ይለውጣል፤ ሦስተኛው ግን ዕዳውን ተሸክሞ በዚያው ይቀመጣል። በየገጠሩ ከተማ እስከ ቅርብ ዘመን የቆዩት የዓረብና የአገር ልጅ ሱቆች ዘመን ለዘመን የኖሩት በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው። በከተማችን የእገሌ ኩባንያ ቅርንጫፍ ነበረ ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ካልለየ የወኪሉን ላብ ለኩባንያው፣ የኩባንያውን ዝና ለወኪሉ ሰጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የቦታ ስም ነው። ቡሬ የሚባል ቦታ በኢትዮጵያ አንድ ብቻ አይደለም። የእኛ የዳሞት ቡሬ አለ፤ በኢሉባቦር ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ የቡና ገበያ የነበረው ቡሬ አለ፤ በአሰብ መንገድም ሌላ ቡሬ አለ። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ለእንግሊዝ ስለ ተፈቀደ ጋምቤላ የሱዳን ንግድ በር ሆነች፤ በኢሉባቦርም ያለው ቡሬ በዚህ ምክንያት የውጭ ነጋዴዎች መሰብሰቢያ ሆነ። እንግዲህ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ በተጻፈ የነጋዴ ዝርዝር ውስጥ የቡሬ ቅርንጫፍ የሚል ቃል ያገኘ የጎጃም ሰው ደስ ብሎት የአገሩን ታሪክ አገኘሁ ሳይል ቆም ይበል። ቃሉ አንድ፣ ወርቁ ሁለት ሊሆን ይችላልና።

ታዲያ በምን ይለያል? በወቅት ይለያል። የባሮ ወንዝ ለመርከብ የሚበቃው በክረምት ሲሞላ ነው፤ ስለዚህ ከካርቱም ይመጣ የነበረው የመርከብ ዕቃ ለኢሉባቦር ቡሬ ይደርስ የነበረው በክረምቱ ወራት ነው። ለዳሞት ቡሬ ግን ክረምት የመዘጊያ ወራት ነበረ። አንደኛውን ቡሬ ይመግብ የነበረው የወንዝ ሙላት ሁለተኛውን ያስርበው ነበር። በነሐሴ ብዙ የጨርቅ እሥር ተረከብን የሚል ደብዳቤ ቢገኝ ወደ ባሮ እንጂ ወደ ዓባይ አያመለክትም። በዕቃውም ይለያል፤ የኢሉባቦሩ ቡሬ ሚዛን የሚያነሣው ቡና ሲሆን የዳሞቱ በእህሉ፣ በቅቤው፣ በማሩና በከብቱ ይታወቃል። ለታሪክ መርማሪ ከታላቅ መዝገብ ይልቅ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ትበልጥበታለች።

የፍኖተ ሰላም ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዚያ ሁለት ቦታ አንድ ስም ሲይዝ በዚህ አንድ ቦታ ሁለት ስም አለው። ከተማው ቀድሞ ወጀት ይባል ነበር፤ ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት መመለስ ጋራ የተያያዘ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ጠላትን እያስለቀቁ ቀደሙ። የቡሬውን ምሽግ የኢጣልያ ጦር በየካቲት መጨረሻ ለቀቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ስለዚህ ከ1933 ዓ.ም. በፊት በተጻፈ ወረቀት ውስጥ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሱቅ አልነበረም ብሎም በስሕተት ይደመድማል። ሱቁ ኖሮ ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ በእኛና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሳይታረም ከተጻፈ፣ በወረራው ጊዜ የተዘጋ ሱቅ ገና ወረራው ሳይመጣ ተዘጋ ይባላል።

ምስክሩ የት ይገኛል? በውጭ ቋንቋ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። አድሪያን ዜርቮስ የሚባል ግሪካዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 በእስክንድርያ ያሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ከወረራው በፊት በኢትዮጵያ ስለ ነበሩት የውጭ አገር ሰዎችና ስለ ሥራቸው ይዘረዝራል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ፤ ሮበርት ቺዝማን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዚያ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ ጽፏል። በአዲስ አበባም ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም የነበረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ አለ። እነዚህ ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚያዩ ምስክሮች ናቸው። ከታች ወደ ላይ የሚያየው ምስክር ግን በእኛው እጅ ነው፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው።

ይህ እንግዳ ነገር አይምሰል። የአማርኛው ቃል ራሱ ይመሰክራል፤ የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበትን ቤት ግምጃ ቤት እንለዋለን። ግምጃ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ያጌጠ የሐር ጨርቅ ነው። አባቶቻችን የሀብትን ማከማቻ በወርቅ ወይም በብር ስም ሳይጠሩ በነጋዴ ጨርቅ ስም ጠሩት። መጋረጃው፣ ድባቡ፣ የካህናቱ ካባና ቀሚስ፣ የታቦቱ መጎናጸፊያ በብዙ ደብር ከነጋዴ እጅ የተገዛ ወይም ነጋዴ በስለት ያገባው ነው። በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይም ስጦታው፣ ሰጪው፣ የደብሩ አለቃና ምስክሩ ይጻፋል፤ ሱቅ መዝገቡ ቢቃጠል ቤተ ክርስቲያን የስጦታው መዝገብ አላት።

ከዚህም የሚረቅ ምስክር አለ። ደጓሽ መጽሐፍ ሲደጉስ በእንጨቱ ገበታ ውስጠኛ ፊት ላይ ቆዳውን በዙሪያው አጥፎ ካጣበቀ በኋላ መካከሉን ባዶ አይተወውም፤ በአራት ማዕዘን ቍራጭ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ያ ቍራጭ አንዳንድ ጊዜ የሕንድ ሐር፣ አንዳንድ ጊዜ አበባ የታተመበት የአውሮፓ ጥጥ፣ አንዳንድ ጊዜ ተራ ሻሽ ነው። በገበያ የተሸጠው ጨርቅ ተለብሶ አልቋል፤ በመጽሐፍ ገበታ ውስጥ የተደበቀው ግን ፀሐይ ሳያየው ቀለሙን እንደ ያዘ ይኖራል። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ ጨርቁ የድጕሰቱን ዘመን እንጂ የጽሕፈቱን ዘመን አይናገርም። በጎንደር ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ ገበታው ተሰብሮ በኋላ ዘመን ተደጉሶ ሊሆን ይችላልና፣ ጨርቁን አይቶ መጽሐፉን አዲስ ነው የሚል፣ መጽሐፉን አይቶ ጨርቁን ጥንታዊ ነው የሚል፣ ሁለቱም ይስታሉ።

የቤተ መቅደሱ ሥዕልም እንዲሁ ነው። በጎጃምና በበጌምድር በብዙ ደብር ሥዕሉ የተሣለው በግንቡ ላይ ሳይሆን በግንቡ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ነጭ አቡጀዲድ በጣቃ ሲሸጥ የፋብሪካው ማኅተም በቀለም ይታተምበት ነበር። አቡጀዲድ ቀድሞ ከአሜሪካ፣ ከሕንድም ይመጣ ነበር፤ ወደ ወረራው ዘመን ሲቃረብ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያውን ያዘው። ስለዚህ ከጊዜ ብዛት ከግንቡ የተላቀቀ የሥዕል ጨርቅ ጀርባው ላይ የማኅተም ፈለግ ቢታይ ጨርቁ ከየትኛው አገር እንደ መጣ ይናገራል። የሠዓሊው ሰማያዊና ቀይ ቀለምም ከዘመነ ምኒልክ ወዲህ በብዛት ከሱቅ የተገዛ ነው። የጣራው ቆርቆሮም ከባሕር ማዶ መጥቶ በሰው ትከሻና በከብት ጀርባ የደረሰ ነው። ቅድስት ስፍራ የሩቅ ንግድ መዝገብ ሆነች።

ይህ መዝገብ ግን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይጠፋል። አሮጌው መጋረጃ በአዲስ ይለወጣል፤ አሮጌውም ይጣላል። መጽሐፉ እንደ ገና ሲደጐስ የቀድሞው ቍራጭ ጨርቅ ተልጦ ከቆሻሻ ጋራ ይወጣል። አሮጌው ቆርቆሮ ሲወርድ ለቁራሌው ይሸጣል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ ቤታቸውን ማሳመራቸው ነው። ነገር ግን ማሳመር ከመጻፍ ቀጥሎ ቢሆን ምንም አይጎዳም። ዕቃ ጠባቂው አሮጌውን ከማውጣቱ በፊት ዕቃው ምን እንደ ሆነ፣ ርዝመቱንና ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ የሚታይበትን ጽሕፈትና ማኅተም፣ ማን እንዳገባውና መቼ እንደ ወጣ በአንድ ደብተር ቢያሰፍር፣ ፎቶግራፍም ቢያነሣው፣ ከጨርቁም የእጅ መዳፍ የሚያህል ቍራጭ ቢያስቀር በቂ ነው። ጨርቁን ለማየት ብሎ መጽሐፍ መፍታት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ምስክርን ገድሎ ቃሉን መቀበል የለምና።

ሽማግሎችም ሳያልፉ ይጠየቁ። ጥያቄው ግን በቀጥታ ቅርንጫፍ ነበረ ወይ የሚል አይሁን፤ እንዲህ የተጠየቀ ሰው ጠያቂውን ለማስደሰት አዎን ይላል። ይልቁንም ዕቃው በማን በቅሎ መጣ፣ ዱቤው ለማን ተከፈለ፣ ሱቁ በጣልያን ጊዜ ተዘጋ ወይስ ባለቤት ለወጠ፣ በየትኛው ወር ዕቃ ይገባ ነበር ተብሎ ይጠየቅ። ቅርንጫፉን፣ ወኪሉንና ደንበኛውን የሚለየው ይህ መልስ ነው። ከሽማግሌው ቃል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደብተርና ከውጭ አገሩ ወረቀት ሁለቱ ከተስማሙ ነገሩ ይጻፍ፤ አንዱ ብቻውን ከቆመ እንደ ወሬ ተመዝግቦ ይቆይ።

አንዳንድ ሰው፣ የሕንድና የፈረንሳይ ነጋዴ ቢመጣ ቢሄድ ለእኛ ምናችን ነው ይል ይሆናል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋራ ሲነግድ ትርፉ ወዴት እንደሚያዘነብል አስረድተዋል። ያ ነገር በአዲስ አበባ ጉምሩክ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ በዳሞት ገበያ ቀንም አንድ ክንድ ጨርቅ በስንት ቁና ጤፍ እንደ ተለወጠ የተደረገ ነው። የጠፋውን ሱቅ ታሪክ የምንሻው ለባዕዱ ነጋዴ ሐውልት ለማቆም አይደለም፤ የራሳችንን ሒሳብ ለማወቅ ነው። ስንት በቅሎ በዓባይ በረሃ ወደቀ፣ ማን በዱቤ ተነሣ፣ ማን በዱቤ ጠፋ፣ የማን ቆዳ የማንን ግንብ ሠራ፤ ይህ ሁሉ በቅርንጫፉ ታሪክ ውስጥ ተሰውሮ አለ።

የቡሬ፣ የጅጋ፣ የፍኖተ ሰላምና የደንበጫ ካህናትና የከተማ ሰዎች የሚተባበሩበት ሥራ ይህ ነው። ካህኑ ደብተሩንና ዕቃ ቤቱን፣ ነጋዴው የአባቱን የዱቤ ወረቀት፣ መምህሩ የውጭ ቋንቋውን ቢያዋጡ አንድ ከተማ የንግድ ታሪኩን በአንድ ክረምት መጀመር ይችላል። መዝገቡ ዛሬም በየዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የሚያወጣው እጅ አስቀድሞ ብርዕ ይያዝ።